የውሾቹ ፖስታና የመታሰቢያው ጉዞ

ደብዳቤ ከተጻፈበት ወረቀት ይልቅ አደራነቱ ይከብዳል። ጻፊው ከእጁ ካወጣው በኋላ እስኪደርስ የሚጠብቅለት ሌላ ሰው፥ አንዳንድ ጊዜም ሌላ ፍጡር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአላስካ የበረዶ ምድር ይህን አደራ ስለ ተሸከሙት ውሾችና ለመታሰቢያቸው ስለሚደረገው ዝግጅት ነው፤ ዓመታቱም የተቈጠሩት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አላስካን የአሜሪካ መንግሥት ከሩሲያ የገዛት በ1867 ነበር። ከዚያም ወርቅ ፈላጊዎች በየበረሃው ሰፈሩ። በብርድ ወራት ወንዙም ባሕሩም ወደ በረዶ ስለሚለወጥ መርከብ ይቀራል፤ የዘመድን ደብዳቤ የሚያደርሰው መንኰራኵር የሌለውን የበረዶ ጋሪ በውሾች የሚያስጐትት ነጂ ነበር። ጥበቡም ከጥንት የአገሬው ተወላጆች ጥበብ ነው። የፖስታው ነጂ ሲመጣ ሌላው መንገደኛ ይለቅለታል፤ በማረፊያ ቤትም ከምድጃው አጠገብ ያለው ቦታ የእርሱ ነው። ያከበሩት የያዘውን አደራ ነበር።

በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1924 ካርል ቤን አይልሰን ከፌርባንክስ እስከ ማክግራዝ ፖስታ በአይሮፕላን ይዞ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደረሰ፤ ውሾቹ ግን ይህን መንገድ የሚጨርሱት በሳምንታት ነበር። ስለዚህ የውሾቹ ዘመን ያበቃ መሰለ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ በጃንዋሪ 1925 ዲፍቴሪያ የተባለው ጉሮሮ አፋኝ በሽታ በኖም ከተማ ገባ። አብራሪው በግልጥ የሚቀመጥባቸው የዚያ ዘመን አይሮፕላኖች ለዚያ ብርድ አልታመኑምና መድኃኒቱን የማድረሱ ሥራ ለውሾች ተሰጠ። 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ ከኔናና እስከ ኖም 1,085 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአምስት ቀን ተኩል ጨረሱ። ከነጂዎቹም ብዙዎቹ የፖስታ ሰዎች ነበሩ። ረጅሙንና አስጊውን ክፍል የሄደው ሊዮናርድ ሴፓላ ሲሆን መሪ ውሻው ቶጎ ይባል ነበር፤ ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2 ቀን ኖም የገባው ጉናር ካሰን ስለ ነበረ ዝናው ለእርሱ መሪ ውሻ ለባልቶ ሆነ። ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው በሩን ያንኳኳውን ነው።

ከዚያ ወዲህ አይሮፕላን እየበረታ ሄደ፤ በ1963 የመጨረሻው የውሾች ፖስታ በሴንት ሎረንስ ደሴት ቆመ። ውሾቹ ከየመንደሩ ሲጠፉ ያዘነው ጆ ሬዲንግተን ከጓደኞቹ ጋር በ1973 ኢዲታሮድ የተባለውን ከአንኮሬጅ እስከ ኖም የሚደርስ ውድድር ጀመረ። ርዝመቱ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛውም የጥንቱ ፖስታ መንገድ ነው።

ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው በረዶ ሳይጥል ገና ውሾቹን መንኰራኵር ያለው ጋሪ እያስጐተተ ያለማምዳል፤ ርቀቱንም ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። መጥረቢያ፥ የበረዶ ጫማ፥ የመኝታ ከረጢት፥ በረዶ ማቅለጫ ምድጃ፥ ለእያንዳንዱም ውሻ ስምንት የጨርቅ ጫማ ያሰናዳል። ከዕቃው መካከል የመታሰቢያ ደብዳቤዎች ጥቅል ይገኛል። ስንቁ አስቀድሞ ወደየጣቢያው ይላካል፤ የሚያደርሰውም በአብዛኛው አይሮፕላን ነው። ውሾቹን ከሥራ ያስወጣው አይሮፕላን ዛሬ ምግባቸውን ይሸከማል።

ሆኖም ውድድሩ የውሾችን ሕይወት ያጠፋል የሚል ብርቱ ወቀሳ አለበት፤ በእርግጥም በመንገድ የሞቱ አሉ። የእንስሳት ሐኪሞች ከመነሣታቸው በፊትም በየጣቢያውም ውሾቹን የሚመረምሩት ስለዚህ ነው። የዛሬውን ጥቅል በጭንቀት የሚጠብቅ በሽተኛ የለም፤ ቢዘገይ የሚጐዳ የለም። ስለዚህ የዛሬው ነጂ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ስለ ደብዳቤው ሳይሆን ስለ ውሾቹ ነው። የደከመውን ውሻ በጣቢያ ትቶ ዘግይቶ የሚገባ ሰው መታሰቢያውን አላጐደለም። አደራ ተሸካሚው ራሱ አደራ መሆኑን ያስታወሰ እርሱ ነው።