ፈውስ በሌለው ደዌ ፊት ወላጅና ልጅ፦ በበዴሳና በአካባቢዋ ስላለው ዝምታ

በወላይታ ዞን፣ የዳሞት ወይዴ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በበዴሳና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ አባት ወይም እናት ፈውስ በሌለው ደዌ በተያዙ ጊዜ፣ የደዌውን ስም አስቀድሞ የሚሰማው የጐለመሰው ልጅ ነው። በዞኑ ዋና ከተማ በሶዶ፣ ሐኪሙ የምርመራውን ወረቀት ይዞ ብቅ ይልና «አስታማሚው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የበኵር ልጅ፣ ወይም አዲስ አበባ ሠርቶ ወጪውን የሚችለው ልጅ፣ ተነሥቶ ይከተለዋል፤ ጥቂት ቈይቶም ዐይኑን ጠርጎ ይመለስና ነጠላቸውን ተከናንበው አግዳሚ ወንበር ላይ ለሚጠብቁት እናቱ «ጨጓራ ነው አሉ፤ መድኃኒት አዘውልናል» ይላቸዋል። እናትየውም «ተመስገን» ይላሉ፤ አምነው ይሁን ለልጃቸው አዝነው፣ ከፊታቸው አይነበብም።

ስለዚህ ጕዳይ የሚናገሩ ሰዎች ዝምታውን በደፈናው ለባህል ሰጥተው ማለፍ ይቀናቸዋል። ይህ ግን ችኵል ፍርድ ነው፤ የአገራችን ልማድ ሞት በቀረበ ጊዜ መናገርን ያስተምር ነበርና። ያዕቆብ ዕለተ ሞቱ መድረሱን ባወቀ ጊዜ ዮሴፍን ጠርቶ በግብፅ ምድር እንዳይቀብረው አስምሎታል፤ ልጆቹንም በዙሪያው ሰብስቦ ለእያንዳንዳቸው የሚገባቸውን ቃል ተናግሯል፤ ሮቤልን፣ ስምዖንንና ሌዊን ሳይገሥጽም አላለፈም (የሞት አልጋ ምርቃት ብቻ የሚወርድበት ስፍራ አይደለምና)። ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ፣ የተዋሕዶም ሆነ የቃለ ሕይወት ምእመን፣ በወላይታ ማግኘት ያስቸግራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው የመጨረሻ ፈቃዱን በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል ሊናዘዝ እንደሚችል ደንግጎ፣ ተናዛዡ ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየ ኑዛዜው እንዲፈርስ አድርጓል። ሕግ አውጪው የተነሣው የሚሞት ሰው ሞቱን ያውቃል ከሚል አሳብ ነው፤ «ጨጓራ ነው» የተባለ ሰውማ ምን ብሎ ምስክር ይጠራል?

ታዲያ ዝምታው ከወዴት መጣ? እንደ እኔ አስተያየት ምንጩ ባዶ እጅ ነው። ልጁ የደዌውን ስም ቢገልጥ ተከታዩ ጥያቄ «መድኃኒቱስ?» እንደሚሆን ያውቃል፤ የሚመልሰውም የለውም። ደዌው ካንሰር ቢሆን፣ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በቀር አልነበረም፤ ከሶዶ እስከዚያ ደግሞ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። የወላይታ ገበሬ መሬት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሄክታር በታች በመሆኑ፣ ለሕክምና የተሸጠች አንዲት ላም የቤተሰቡን ቅቤና የአዝመራውን ፍግ ይዛ ትሄዳለች። እናት ይህን አሳምረው ያውቃሉና እሳቸውም በፈንታቸው ይሸሽጋሉ፦ ልጅ ሲገባ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ ጎረቤት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ ያፈላችላቸውን የቡና ቅጠል፣ ሃይታ ቱኬውን፣ የሚጠጡ መስለው በእጃቸው ያቀዘቅዙታል፤ ሌሊት ሕማሙ ሲጠናባቸውም ላሟ እንዳትሸጥ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ያድራሉ። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አንዱ ሌላውን እንዳያሳዝን ይጠነቀቃሉ፤ እናትየው ግን ሳይመርቁ፣ ልጁም «ይቅር ይበሉኝ» ሳይል፣ ጊዜው ያልፋል።

የኤች አይ ቪ ዘመን ለዚህ አሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ ክፉ ዘመን በአገራችን ብዙ ስፍራ ከከተማ ታመው የተመለሱትን ጐልማሶች ያስታመሟቸው ያረጁ ወላጆቻቸው ነበሩ፤ ሥርዐተ ተፈጥሮ ተገልብጦ፣ ጧሪ ይሆነኛል ያለችውን ልጇን እናት እንደ ሕፃን አጥባ፣ አጉርሳ ቀብራዋለች፤ የደዌውም ስም «ሳንባ» ይባል ነበር። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መታደል ከጀመረ ወዲህ ግን አንደበት ቀስ በቀስ ተፈታ። ትምህርትና ስብከት እንደ ረዱ አልክድም፤ ነገር ግን ያው ሕዝብ በዚያው ባህሉ ውስጥ ሆኖ መናገር የጀመረው፣ ከተናገረ በኋላ የሚቀበለው ነገር ስላገኘ ነው።

ለካንሰር ታማሚም ቢሆን የሚሰጠው ነገር አለ፤ ደዌው ከሥር ባይድንም ሥቃዩን ማስታገስ ይቻላል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን፣ የማይድኑ ሕሙማን ሥቃይ የሚታገሥበትን ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት፣ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰንም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሠረቱት በዚህ እምነት ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 56.8 ሚሊዮን ሰዎች መካከል የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የሚጠጣ ሞርፊን ብዙ ዋጋ የማያወጣ የሥቃይ ማስታገሻ ሆኖ ሳለ፣ «ሱስ ያስይዛል» በሚል ፍርሀት ከሚሞት ሰው መከልከሉ የሚያስገርም ነው።

ስለዚህ በሶዶ ያሉ ሐኪሞች አስታማሚውን ከመጥራታቸው በፊት ታማሚውን «ውጤቱን ለማን እንንገር?» ብለው ይጠይቁ፤ «ለልጄ» የሚሉ እናቶች ብዙ ይሆናሉ፤ ይህም መብታቸው ነው። የጤና ባለሥልጣናትም ሞርፊኑ እስከ በዴሳ ድረስ ሳይቋረጥ እንዲደርስ ያድርጉ። ይህ ሳይሆን ልጆችን «እውነቱን ለምን ሸሸጋችሁ?» ብሎ መውቀስ አግባብ አይደለም።