የአቃቂን ልጅ ውሃ ጠማው

ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምንከራከረው ስለ ወሰንና ስለ ባለቤትነት ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው። ይሁንና በዚያ ዳርቻ የሚኖረው ሰው ማን ነው? ምን ይበላል? ምን ይጠጣል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ያደግሁት አቃቂ ነው፤ የምተዳደረውም በውሃና ፍሳሽ ምህንድስና ነው። ስለዚህ ከፖለቲካው ይልቅ በማውቀው በኩል፣ በውሃውና በመሬቱ በኩል ልጀምር። (ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አቃቂ ከመሐል አዲስ አበባ በስተደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ገሚሷ ከተማ ገሚሷ ገጠር የሆነች ስፍራ ናት። ዙሪያዋ የቱለማ ኦሮሞ ገበሬ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚያበቅልበት ጥቁር አፈር ነው። በ1909 ገደማ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ መንገዱ በአቃቂ አለፈ። በጥር 1927 የተመረቀው የሬዲዮ ጣቢያም የቆመው እዚሁ ነበር፤ አገራችን በጣሊያን ልትወረር በነበረበት ወቅት ድምጿን ለዓለም ያሰማችው ከዚህ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሕንድ ባለሀብቶች የተሳተፉበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት። በዚህ ዓይነት አንድ ሠፈር ውስጥ የባቡር ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ወዛደርና ገበሬ ጎን ለጎን መኖር ጀመሩ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ወተት የሚያመጡልን አዛውንት ገበሬ ሲሆኑ፣ ከልጃቸው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ከብቶቹ በሐዲዱ ላይ ተሻግረው ወደ ግጦሽ ይወርዱ ነበር። በልጅነቴ አቃቂ ከተማ ይሁን ገጠር ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ሁለቱም ነበር።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ አቃቂ ደግሞ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ገደማ። በመካከሉ ያለው ከተማ የሚያፈሰው ሁሉ በስበት ኃይል ወደ ታች ይወርዳል። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው የሚገናኙት በአባ ሳሙኤል ግድብ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ዛሬ ግን ሐይቁ ደለልና የከተማው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ የእንቦጭም መንሠራፊያ ሆኗል። በቆዳ ፋብሪካዎች ጓሮ ያለፈው ውሃ ክሮሚየም ይዞ ይመጣል። በዚሁ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል፤ ጠዋት ተቆርጦም ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ተመራማሪዎች በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች እንዳሉ ካሳወቁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

የሚገርመው ሌላው ገጽታ ነው። አዲስ አበባ በ1930ዎቹ ገፈርሳን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲን ገደበች። ሁለቱ አልበቃ ሲሏት ፊቷን ወደ አቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ አዞረች። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመው ንጹሕ ውሃ በጥልቅ ጉድጓዶች ይሳባል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ሽቅብ ተገፍቶም ወደ ከተማው ይሄዳል። እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ፦ ንጹሑ ውሃ ከአቃቂ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆሻሻው ወደ አቃቂ ይወርዳል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የአቃቂን ልጅ ያስጠማው ግን በእግሩ ሥር ያለው ውሃ ወደ ሌላ ሰው ቧንቧ ማለፉ ነው።

መሬቱም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከጭሰኝነት አላቆ የእርሻው ተጠቃሚ አድርጎት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል፣ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው ነገር እንደሌለው አጸና። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 455/1997 መጣ። ለሚነቀል ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነው ተባለ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተሻሽሎ እጥፉ ወደ አሥራ አምስት ከፍ አለ። መሬቱ ግን ለገበሬው ዕድሜውን ሁሉ፣ ከዚያም ለልጆቹ የሚያበላ ነበር። በአንድ በኩል የጓያና የሽምብራ ዋጋ፣ በሌላ በኩል የሊዝ ጨረታ ዋጋ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የማን ኪስ ገባ? በጥር 2008 የተሰረዘው ማስተር ፕላን ያን ያህል ደም ያፋሰሰው ይህ ጥያቄ መልስ ስላላገኘ ጭምር ይመስለኛል።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነፃ አድርጌ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም እንደ ብዙዎቻችን አገር ቤት ጎጆ ይኑረኝ ብዬ፣ በዚያው አካባቢ ለሚሠራ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ከፍዬ ነበር። ለእረፍት ስሄድ ቦታውን ላይ ወረድኩ። የግንባታው ዘበኛ ካፖርት ደርበው፣ ዱላ ይዘው መጡ። ወተት ያመጡልን የነበሩት አዛውንት ነበሩ።

«አንተ የባቡሩ ሰው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ።

«ነኝ አባባ፤ እንደምን ሰነበቱ?»

አቅፈው ሳሙኝ። የቆምንበት ማሳ የራሳቸው እንደነበረ የነገሩኝ ቆይተው ነው። የካሳው ገንዘብ ለልጃቸው ሠርግና ለቤት ክዳን ውሎ አልቋል። ልሸሽገው ብሞክርም የመጣሁበትን ጉዳይ አወቁ። «ማን እንደወሰደው ሳላውቅ ልሞት ነው እል ነበር፤ እንኳንም የማውቀው ልጅ ሆነ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመልሼ ገንዘቤን አስመለስኩ። ቦታውን ሌላ ሰው ወሰደው፤ እሳቸውም ዘበኝነታቸውን ቀጠሉ። የእኔ መውጣት ለህሊናዬ እንጂ ለእሳቸው የፈየደው ነገር የለም። ለዚህ ነው ነገሩ የግለሰብ ደግነት ሳይሆን የሥርዓት ጉዳይ ነው የምለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ባለሙያ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ፋብሪካ ፍሳሹን በግቢው ሳያጣራ ወደ ወንዝ እንዳይለቅ የሚከለክለው ሕግ በተግባር ይዋል። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ቢስፋፋም፣ ቤቶች ከመስመሩ ጋር ካልተገናኙ ማጣሪያው ብቻውን ወንዝ አያጠራም። ሁለተኛ፣ ገበሬው አንድ ጊዜ ተከፍሎት የሚሰናበት ሳይሆን፣ በመሬቱ ላይ ከሚገኘው የሊዝ ገቢም ሆነ ከሥሩ ከሚቀዳው ውሃ ዓመት በዓመት ድርሻ የሚያገኝ ይሁን። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የሒሳብ ማስተካከያ ነው።

እኛ በውጭ የምንኖርስ? ቤት ለመግዛት ስንፈራረም ስለ ክፍሎቹ ብዛትና ስለ ወለሉ ዓይነት እንጠይቃለን። «እዚህ ቦታ ላይ ትናንት ማን ያርስ ነበር?» የሚለውንም እንጨምርበት። መልሱን የሚያውቀው ሰው ምናልባት በሩን የሚከፍትልን ዘበኛ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።