ካምፒየን በለንደን ግንብ

ጁን 27 ቀን 1581 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ለዓመቱ ሥነ ሥርዓት ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ በየወንበሩ ላይ በላቲን የተጻፈች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተቀምጣ አገኙ። ቅጂዎቿ ወደ 400 ይደርሱ ነበር። ስቶነር በተባለ ስፍራ ተደብቆ በተተከለ ማተሚያ የታተመች ስትሆን ስሟ «ዐሥሩ ምክንያቶች» ይባላል። ደራሲዋ ኤድመንድ ካምፒየን ከ15 ዓመት በፊት በዚያው ከተማ በንግሥት ኤልሳቤጥ ፊት ተከራክሮ የተመሰገነ ሊቅ ነበር፤ አሁን ግን የመንግሥት ሰላዮች ከቤት ወደ ቤት የሚያሳድዱት ሰው ሆኗል።

የካምፒየን ሕይወት ለስደተኛ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በ1540 ለንደን ተወለደ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበርም በሮማ የጸደቀው በዚያው ዓመት ነው። ገና በወጣትነቱ የኦክስፎርድ መምህር ሆነ፤ በፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያንም ዲቁና ተቀበለ። ኅሊናው ግን እረፍት ስላልሰጠው በ1571 አገሩን ጥሎ ዱዌ ወደተባለችው ከተማ ተሻገረ። በዚያች ከተማ ዊልያም አለን በ1568 ለእንግሊዝ ስደተኞች ኮሌጅ ከፍቶ ነበር። ካምፒየን ከዚያ ወደ ሮማ ሄዶ በ1573 ኢየሱሳዊ ሆነ፤ በፕራግ ሲያስተምር ቆይቶ በ1578 ቅስና ተቀበለ። በ1580 የዕንቁ ነጋዴ መስሎ በዶቨር ወደብ በኩል አገሩ ገባ።

የዱዌ ስደተኞች ክርክርን እንደ ዋና ትምህርት ይለማመዱት ነበር። ስደተኛ ሁሉ በሆዱ የሚይዘውን ተስፋ እነርሱም ይዘው ነበር፦ አንድ ቀን በአገሬ አደባባይ ቆሜ ብናገር የሚሰማኝ ሁሉ ያምነኛል የሚል ተስፋ። ካምፒየን እንደገባ ለንግሥቲቱ ምክር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ሦስት ጉባኤ ለመነ፤ አንዱን በምክር ቤቱ ፊት፣ አንዱን በዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ፊት፣ አንዱንም በሕግ ዐዋቂዎች ፊት። ደብዳቤው ቢያዝ ብቻ እንዲወጣ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

«ዐሥሩ ምክንያቶች» ስድብ የማያጣት መጽሐፍ ናት፤ ሉተርንና ካልቪንን ስታነሣ አንደበቷ አይገታም። ሆኖም ከስድቡ ሥር የምታነሣው ጥያቄ ዛሬም መልስ የሚጠይቅ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይበቃል የሚለው ወገን የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ በማን ሥልጣን ለየ? ንባቡ አንድ ሆኖ ትርጓሜው ሁለት ቢሆን ማን ይፈርዳል? ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ተሳስታ ከነበረ በእነዚያ ዘመናት ክርስቲያን የት ነበር? ካምፒየን ጉባኤያትን፣ ሊቃውንትንና ታሪክን የጠራው ለዚህ ምስክርነት ነው። በተማሪ ጉባኤዎቻችን የካቶሊክ ቤተ ሰብ ልጅ ሆኖ የተከራከረ ሁሉ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ልዩነቱ እኛ በሌላው ጎናችን እግዚአብሔር የለም የሚለውንም ባላጋራ መመለስ ነበረብን፤ በካምፒየን ዘመን ያን በአደባባይ የሚናገር አልነበረም።

በጁላይ 1581 ካምፒየን በጠቋሚ ተይዞ ወደ ለንደን ግንብ ተወሰደ። እጅና እግርን በገመድ አስሮ ወደ ሁለት ወገን በሚጎትት መሣሪያም ተሠቃየ። ክርክሩን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከኦገስት 31 ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አራት ጊዜ በግንቡ ውስጥ አከራከሩት። ባላጋራዎቹ እነ አሌክሳንደር ኖዌል፣ እነ ዊልያም ፉልክ መጻሕፍቶቻቸውን ደርድረው ተዘጋጅተው መጡ፤ እርሱ ግን በቂ የዝግጅት ጊዜም ሆነ የራሱ መጽሐፍ አልተሰጠውም። እንዲመልስ እንጂ እንዲጠይቅም አልተፈቀደለትም።

በመጀመሪያው ቀን የሆነው አንድ ነገር ሁኔታውን ሁሉ ይገልጻል። ካምፒየን ሉተር የያዕቆብን መልእክት ከገለባ ቆጥሯል ብሎ ጽፎ ነበር። ባላጋራዎቹ የሉተርን መጽሐፍ አምጥተው ገለጡ፤ ቃሉ የለም። ካምፒየን በሐሰተኛነት ተወቀሰ። እውነቱ ግን ሉተር ያን ቃል በ1522 እትም መቅድም ጽፎት ነበር፤ በኋለኞቹ እትሞች ቀርቷል። መጽሐፍ ቤት የተነፈገ እስረኛ የትኛው እትም እንደሆነ በምን ያሳይ? የክርክሩን ይፋ ዘገባ በ1583 ያሳተሙትም ባላጋራዎቹ ነበሩ። ቢሆንም ወሬው ከግንቡ አልፎ ወጣ። ከአድማጮቹ አንዱ የነበረው የአረንደል መስፍን ፊሊፕ ሃዋርድ በ1584 ካቶሊክ ሆነ።

ካምፒየን በኖቬምበር ለፍርድ በቀረበ ጊዜ እጁን ማንሣት አቅቶት ጓደኛው አነሣለት። ክሱ ሃይማኖት አልነበረም፤ የአገር ክህደት ነበር። በዲሴምበር 1 ተገደለ።

እዚህ ላይ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ለወገኑ አዳልቶ ማለፍ አይገባውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ በ1570 ኤልሳቤጥን አውግዘው፣ ሕዝቧን ከታማኝነት መሐላ ፈትተው ነበር። መርማሪዎቹ ያ ውግዘት የጸና ነው ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ ካምፒየን ንግሥቲቱን ንግሥቴ ናት እያለ በዚያ ጥያቄ ላይ ግን ፈራጅ አይደለሁም በማለት ሸሸ። ፍርሃቱን እረዳለሁ፤ መልሱ ግን ጎደሎ ነበር። ከዚያም በፊት በንግሥት ማርያም ዘመን፣ ከ1553 እስከ 1558፣ ካቶሊኮች ሥልጣን ይዘው ሳሉ ወደ 280 የሚጠጉ ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጥለዋል። ይህን ሳያነሣ ስለ ካምፒየን ሰማዕትነት የሚናገር ካቶሊክ ግማሹን ብቻ ይናገራል።

ለእኛ ደግሞ ሌላው ግማሽ ቤታችን ድረስ መጥቷል። የካምፒየን ማኅበር ወንድሞች ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። ፔሮ ፓኤዝ በመጽሐፍና በትዕግሥት ተከራክሮ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ ማረከ። ነገር ግን ንጉሥ ሲያምን ክርክሩ ዐዋጅ ይሆናል። በሃይማኖቱ ለውጥ ምክንያት በ1617 ዐመፅ ተነሣ፤ አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሞቱ። ፓኤዝ በ1622 ካረፈ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ አደረገ። ለንደን ላይ ካምፒየን የለመነውን ፍትሐዊ ጉባኤ የኢትዮጵያ መነኮሳት ከሜንዴዝ አላገኙም። ብዙ ገበሬ ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አስወጣ። በአገራችን የካቶሊክ ስም ለረጅም ዘመን የተጠረጠረው በፓኤዝ ክርክር ሳይሆን በዐዋጁ ምክንያት ይመስለኛል።

ካምፒየን የለመነውን ዐይነት ክርክር ማኅበሩ በዚያው በእንግሊዝ ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1948 ኢየሱሳዊው ፍሬድሪክ ኮፕልስተን ከበርትራንድ ራስል ጋር ስለ እግዚአብሔር መኖር በቢቢሲ ራዲዮ ተከራከረ። ኮፕልስተን በራሱ የማይቆም ነገር ሁሉ ምክንያት ይሻል አለ፤ ራስል ስለ ዓለም በጠቅላላው ምክንያት መጠየቅ ትርጉም የለውም ብሎ መለሰ። አንዱ ሌላውን አላሸነፈም። ኮፕልስተን የፍልስፍና ታሪኩን ቅጾች መጻፉን ቀጠለ፤ ራስልም በ1950 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ።