ሪገር፦ ከሸራ ገመድ እስከ ሳይበርፐንክ

«ሻዶውራን» የተባለው የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ተሽከርካሪ የሚያንቀሳቅሰውን ገጸ ባሕርይ «ሪገር» ብሎ ሰየመው። በ2050ዋ ሲያትል የሚኖር፣ በአካሉ ውስጥ በተተከለ መሣሪያ አማካይነት መኪናውን እንደ ገዛ እግሩ የሚያዝዝ ሰው ነው። ጀማሪ ተጫዋቾች ግን ጓደኞቹን ከቦታ ቦታ የሚያመላልስ አጃቢ አድርገው ይቀርጹታል። የስሙን ታሪክ ቢያውቁ እንዲህ ባላደረጉት ነበር።

«ሪግ» የመርከበኞች ቃል ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ሳይሆን አይቀርም። ምሰሶውን፣ ሸራውንና ገመዱን አሰናድቶ መርከብን ለጉዞ ማብቃት ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የበረራ ጓድ ውስጥ ሪገር የሚባለው የአውሮፕላኑን ክንፍና የሽቦ ውጥረት የሚያስተካክለው ባለሙያ ነበር፤ ሞተሩ የሌላ ሰው ድርሻ ነው። አብራሪው ደግሞ ሌላ። ቃሉ ወደ ነዳጅ መቆፈሪያና ወደ አሜሪካ ከባድ መኪና ተዛምቷል። መሠረቱ ግን መንዳት ሳይሆን ማሰናዳት ነው።

መንዳቱ ያለው ጨዋታው በሚመደብበት ዘውግ፣ በ«ሳይበርፐንክ» ስም ውስጥ ነው። የሒሳብ ሊቁ ኖርበርት ዊነር በ1948 «ሳይበርኔቲክስ» የሚለውን ስም ያወጣው ከግሪኩ «ኪበርኔቴስ» ነው፤ የመርከብ መሪ ያዥ ማለት ነው። ይኸው የግሪክ ሥር በላቲን «ጉበርናሬ» ሆኖ፣ በእንግሊዝኛ አገረ ገዥውን «ገቨርነር» አሰኝቶታል። ደራሲው ብሩስ ቤትኪ በ1983 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ርዕስ ላይ «ሳይበር»ን ከ«ፐንክ» ጋር አጋባው፤ «ሳይበርፐንክ» ተወለደ። አማርኛችንም ሩቅ አልሄደም፦ የመኪናው መሪና የአገሩ መሪ አንድ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም የግዕዙ «መርሐ» ልጆች። ኮምፒዩተሩ የሚታዘዝበት «መርሐ ግብር»ም ዘመዳቸው ነው። (ከፈረንሳይኛ የመጣው «ሾፌር» ግን በጥሬው «አሞቂ» ነው፤ የእንፋሎት ሞተር እሳት ቆስቋሽ።)

እንግዲህ ሪገር ሲቀረጽ ማሰናዳቱም መምራቱም ይታሰብ። በአንዳንድ የሻዶውራን እትሞች ከኤ (ከፍተኛው) እስከ ኢ (ዝቅተኛው) ያሉት አምስት ደረጃዎች ለዘር፣ ለአስማት፣ ለተፈጥሮ ችሎታ፣ ለክህሎትና ለሀብት ይታደላሉ። የሚተከለው መሣሪያም፣ ተሽከርካሪውም፣ ድሮኑም በገንዘብ ስለሚገኙ ሀብት ከቢ በታች አይውረድ። ኢን ለአስማት ስጡት፤ በአካል የሚተከል መሣሪያ አስማትን ያዳክማልና የሚቀርበት ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ገንዘቡን በመኪና ብዛት መጨረስ ነው፤ እኔ አልመክርም። በደንብ የተሰናዳ አንድ ቫንና ሁለት ድሮን ለጀማሪ ይበቃሉ። ከመንዳት ክህሎቱ ጎን የጥገናውንም ከፍ አድርጉለት፤ የተረፈው ገንዘብ ለመለዋወጫ ይቀመጥ።