ሹልክታ፦ ከማርሚታው የማይወጣው ጭስ

የቤታችን ፒክአፕ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ። አሮጌ ሃይሉክስ ነው፤ ሞተሩ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር። መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ ጭሱን አየና ወዲያው ፈረደ፦ «ሪንግ ጨርሷል፤ ሞተሩ ይውረድ።» ሞተር ሲወርድ ኪስም አብሮ እንደሚወርድ ስለምናውቅ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄድን።

ሁለተኛው መካኒክ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ወደ ጭሱ ብዙም አልተመለከቱም። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱ፤ ገልብጠው ቀዳዳው ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ክዳኑ በስሱ ተንቀጠቀጠ እንጂ ከቦታው አልተነሳም።

«ብሎውባይ የለውም» አሉ።

«ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«ከላይ ወደ ታች የሚያመልጥ ነገር የለም ማለት ነው። ሪንጉ ደህና ነው።»

«በአማርኛ ምን ይባላል?»

ሳቁ። «አማርኛ የለውም ልጄ፤ ብሎውባይ ነው።»

የቫልቭ ሲሎቹ ተቀየሩ። ሞተሩ ሳይወርድ ጭሱ ጠፋ። ጥያቄዬ ግን ሳይመለስ ቀረ። ይህ ጽሑፍ መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው፤ ለብሎውባይ የማቀርበው አማርኛ «ሹልክታ» የሚል ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይሠራም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ከ15 እስከ 22 እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ሕይወቱ ጭመቃው ነው። መካኒኮች «ኮምፕረሽን» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ያን ግፊት ከላይ አፍነው የሚይዙት በፒስተኑ ዙሪያ የተጠለቁት ሪንጎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ሁለቱ ግፊቱን ይይዛሉ፣ ሦስተኛው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተረፈውን ዘይት ጠርጎ ወደ ታች ይመልሳል። ሪንግ ግን ድፍን ክብ አይደለም። ሲግል የሚለጠጥበት ቦታ እንዲያገኝ ጫፍና ጫፉ መካከል በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ክፍተት ይተውለታል። በዚያ ክፍተትና በሪንጉ ጠርዝ በኩል የተጨመቀ አየርና የተቃጠለ ጋዝ ዘይት ወደሚጠራቀምበት የሞተሩ ሆድ ሾልኮ ይወርዳል። ብሎውባይ የሚባለው ይህ ሾልኮ የወረደው ጋዝ ነው። ከአዲስ ሞተርም ቢሆን ፈጽሞ አይጠፋም፤ ጥያቄው ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ለምን «ሹልክታ»?

የእንግሊዝኛው ቃል ጥሬ ፍቺ «በጎን ነፍቶ ማለፍ» እንደማለት ነው። ቃል በቃል ማምጣት አይረዳም። ለውድድር የቀረቡትን አማርኛዎች አንድ በአንድ ማየቱ ግን ነገሩን ራሱን ያስረዳል።

«ፍሳሽ» ስንል ዘይት ወይም ውሃ ወደ መሬት ሲንጠባጠብ ይታየናል፤ እዚህ ግን የሚያልፈው ጋዝ ነው፣ መሬት ላይም ምልክት አይተውም። «ልቀት» ለበካይ ጋዝ የተያዘ ቃል ነው፤ ከማርሚታው ወደ ሰማይ የሚወጣውን ይገልጻል፣ ይህ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። «ትንፋሽ» ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጤነኛ ሞተርም ይተነፍሳል፤ መተንፈሻ ቱቦ የሚባል ዕቃም አለው። «ማፈትለክ» ለመመረጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ግን ተይዞ የነበረ ነገር ከእጅ ሲያመልጥ የሚባል ነውና ድንገተኛ ነው። እኛ የምንፈልገው በእያንዳንዱ የፒስተን ምት ሳይታይ፣ በጠባብ ቀዳዳ፣ በትንሽ በትንሹ የሚሆነውን ነው።

«ሹልክ አለ» ይህን ሁሉ ይይዛል፦ ጠባብነቱን፣ ድምፅ አልባነቱን፣ የማይገባበት መግባቱን። አማርኛ ደግሞ ከእንዲህ ያለ አነጋገር ስም የሚያወጣበት የቆየ መንገድ አለው። ከ«ዝም አለ» ዝምታ፣ ከ«ፈገግ አለ» ፈገግታ፣ ከ«ጸጥ አለ» ጸጥታ፣ ከ«ቸል አለ» ቸልታ ወጥቷል። በዚያው መንገድ ከ«ሹልክ አለ» ሹልክታ። ቃሉ አዲስ ቢሆንም ማንም የሰማው ሰው ሥሩን ያገኘዋል።

ሹልክታ ከጭስ ጋር ምን አገናኘው?

የሞተሩ ሆድ ውስጥ የገባው ጋዝ እዚያው ቢታፈን ዘይቱን በሲሎቹ በኩል ወደ ውጭ ይገፋው ነበር። ስለዚህ ሞተር ሁሉ መተንፈሻ አለው። በድሮዎቹ ሞተሮች የመተንፈሻው ቱቦ ጋዙን በቀጥታ ወደ መንገድ ይለቀው ነበር። የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ያስጨነቃት የካሊፎርኒያ ግዛት በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጋዙ ተመልሶ ወደ ሞተሩ የአየር መግቢያ እንዲገባና እንዲቃጠል አስገደደች። ያ አሠራር ኋላ በሌላውም ዓለም ተለመደ።

ሹልክታው ሲበዛ ብቻውን አይጓዝም፤ የዘይት ጭጋግ ይዞ በመተንፈሻው ይወጣል፣ በአየር መግቢያው ይገባል፣ ከናፍጣው ጋር ይቃጠላል፣ በማርሚታው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ጢስ መውጫ አያጣም የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ይሁን እንጂ ሰማያዊ ጭስ ሁሉ ከሹልክታ አይመጣም። የእኛም ጋራዥ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነበር።

ቀለሙና ሹልክታው አብረው ሲነበቡ

የጭስ ቀለም ምን እየተቃጠለ እንዳለ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ነጭ ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም የውሃ እንፋሎት ነው። ሹልክታው ደግሞ ጉዳቱ ፒስተኑና ሪንጉ ዘንድ ይሁን ከእነሱ በላይ ይለያል። ሁለቱ ሲጋጠሙ እንዲህ ይነበባሉ።

ሰማያዊ ጭስ፣ ሹልክታው ብዙ፦ ሪንግ፣ ሲሊንደር ወይም ፒስተን ይጠረጠራል። ሞተር የመክፈት ወሬ የሚነሳው እዚህ ነው።

ሰማያዊ ጭስ፣ ሹልክታው ትንሽ፦ የቫልቭ ሲል ይታይ፤ ቱርቦ ካለውም የቱርቦው ሲል። ሲነሳ ብቻ ጭሶ ቶሎ የሚጠራ ከሆነ ሌሊት በቫልቭ በኩል የተንጠባጠበ ዘይት ነው። የእኛ ጉዳይ ይኸው ነበር።

ነጭ ጭስ ጠዋት፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ የናፍጣ ሽታ፣ አስቸጋሪ አነሳስ፣ ሹልክታው ብዙ፦ ጭመቃው ስለሾለከ አየሩ ናፍጣውን ለማቀጣጠል አልጋለም። ሹልክታው ትንሽ ከሆነ ግን ካንዴሌታው፣ ኖዝሉ ወይም የፖምፓው ሰዓት አቆጣጠር ይመርመር።

ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ፣ ራዲያተሩ ውሃ እያነሰ፦ ጥፋቱ ከቴስታታው ጋስኬት ወይም ከቴስታታው ስንጥቅ ነው። ሹልክታ እዚህ ዋናው ምስክር አይደለም።

ጥቁር ጭስ፣ ሹልክታው ትንሽ፦ የአየር ማጣሪያ፣ ኖዝል፣ የፖምፓ ልኬት፣ ከልክ ያለፈ ጭነት። በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ፒክአፕ በቆላ ጠርቶ ሲሠራ ከርሞ እንጦጦን ሲወጣ ቢጠቁር ሪንጉን አትክሰሱ፤ ያነሰው አየር ነው።

እንዴት ይለካል?

ቀላሉ የክዳን ሙከራ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ በዝቅተኛ ዙር ይሥራ፤ ክዳኑ ተፈትቶ ተገልብጦ ቀዳዳው ላይ ይቀመጥ። በስሱ ቢንቀጠቀጥ የወትሮው ነው። እየጨፈረ ከወደቀ፣ ከቀዳዳውም ወፍራም ጭስ በምት በምት ከተነሳ፣ ሹልክታው በዝቷል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ራሱ ከቦታው እየተገፋ መውጣቱም ሌላ ምልክት ነው።

ይህ ሙከራ ግን ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም። መተንፈሻው በጥቀርሻ ከተደፈነ ልከኛው ሹልክታም ታፍኖ ብዙ ይመስላል፤ መጀመሪያ እሱ ይጽዳ። ለፍሬን የሚያገለግለው የቫኩም ፓምፕ ሲያረጅ ወይም ቱርቦው ሲያፈስ አየሩን በዘይት መመለሻው በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ ይልካል፤ ሪንጉ ሳያጠፋ ሪንጉ ይወቀሳል። በትልልቅ ጋራዦች ሹልክታ በመሣሪያ ይለካል፦ በደቂቃ ስንት ሊትር ጋዝ እንደወረደ ወይም በሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ስንት እንደሆነ።

ከሁሉ አፍ የሚያዘጋው ሲሊንደሩን በተጨመቀ አየር መሙላት ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ቫልቮቹ ተዘግተው አየር ሲገባ የሚያፈስበት ቦታ በጆሮ ይታወቃል። በዘይት መሙያው ከተፍ ካለ ሪንግ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የመግቢያ ቫልቭ፣ በማርሚታው ከሆነ የማስወጫ ቫልቭ፤ ራዲያተሩ አረፋ ካወጣ ጋስኬት።

ሹልክታን የሚያበዛው

ዋናው ጠላት አቧራ ነው። የተቀደደ የአየር ማጣሪያ ወይም የተሰነጠቀ የአየር ጎማ በኮረኮንች መንገድ የሚያስገባው አቧራ ሪንግና ሲሊንደር መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ሁለተኛው ሳይቀየር የቆየ ዘይት ነው፤ ጥቀርሻው ሪንጉን ቦታው ላይ ያጣብቀዋል፣ የተጣበቀ ሪንግ ደግሞ ግድግዳውን አይገፋም። ሦስተኛው ብዙዎች የማይጠረጥሩት ነው፦ አዲስ የታደሰን ሞተር ያለ ሥራ ለሰዓታት አስነስቶ ማቆየት። ሪንጉ ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው መጠነኛ ጭነት ሲያገኝ ነው፤ ዝም ብሎ ሲዞር የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስተዋት ይለሰልስና ሹልክታው ሳይቀንስ ይቀራል።

ሹልክታውን ችላ ማለት አንድ አደጋም አለው። የዘይቱ ጭጋግ በጣም ሲበዛ የናፍጣ ሞተር በራሱ ዘይት መሥራት ይጀምራል፤ ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል፣ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም። ያን ጊዜ የሚያቆመው አየሩን መዝጋት ነው፤ በጣውላ ወይም በሌላ ጠንካራ ነገር እንጂ ፈጽሞ በእጅ አይሞከርም። ማንዋል ማርሽ ያለው መኪና ከሆነ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ሊያጠፋው ይችላል።

በአነጋገር

«ሞተሩ ሹልክታው ስንት ነው?» «ሹልክታው የወትሮው ነው፤ የቫልቭ ሲሉን እይ።» «መተንፈሻው ተደፍኖ እንጂ ሹልክታ አልበዛበትም።»

ያገለገለ ፒክአፕ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ዘይት ሰማያዊውን ጭስ ለጊዜው ሊሸፍነው እንደሚችል እወቁ። ሞተሩ ሞቆ ክዳኑ ይፈታልኝ በሉ። ጋራዥ ገብታችሁም «ሞተሩ ይውረድ» ስትባሉ ከመስማማታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሹልክታው ተለክቷል?»