"ቲቸር፣ ወጋየሁ ቲክቶከር ነው?"

አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው "ቲቸር፣ ወጋየሁ ንጋቱ ቲክቶከር ነው እንዴ?" ያለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ፤ እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ጣሊያን ሊወረን ሳምንታት ሲቀሩት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ጣቢያ ለዓለም ተናገሩ። ያኔ ጭንቁ ድምፅን ሩቅ ማድረስ ነበር። ወጋየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክም ሰዓቱ ያመለጠው ሰው አመለጠው። ዛሬ ተማሪዬ ስልኩ ላይ የሚያገኘው ድምፁ ተቀድቶ ስለቆየ ነው።

የከተማችንን ታሪክ በአንድ ጣቢያ ያወሩ አንድ አባት ነበሩ። ሲያርፉ ለክፍል ብዬ ቅጂውን ልጠይቅ ሄድኩ። "ሌላ ተቀድቶበታል" አሉኝ። ያው ጣቢያ ግን በየቀኑ ፌስቡክ ላይ ላይቭ ይገባል!

ጣቢያዎቻችን ላይቩን ይግቡ፣ ጥሩ ነው። ግን የቀዱትንም ያስቀምጡ፤ አሳጥረው፣ ርዕስና ቀን ሰጥተው ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ይልቀቁት። እናንተም ቤት ውስጥ አሮጌ ካሴት ካላችሁ፣ ሳይበላሽ ወደ ስልካችሁ ገልብጡት። እኔ ለእኚያ አባት አልደረስኩላቸውም።