መድኃኒት የተባለው መርዝ

ትኋን የሚያጠፋውም፣ በጥጥና በቲማቲም ማሳ ላይ የሚረጨውም ኬሚካል በእኛ አፍ ስሙ አንድ ነው፦ መድኃኒት። ገበሬው «መድኃኒት ረጨሁ» ይላል፤ ባለሱቁም «የበረሮ መድኃኒት አለ» ይላል። ቃሉ ከግዕዙ «ድኅነ»፣ ማለትም «ዳነ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መድኃኔ ዓለም የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው። የመሥሪያ ቤት ቃል የሆነው «ፀረ ተባይ» ይሻላል፤ «ፀር» በግዕዝ ጠላት ስለሆነ ጠብ እንዳለበት አይሸሽግም። ይሁንና የተባይ ብቻ ጠላት ያስመስለዋል።

በአንዳንዶቹ ፀረ ተባዮች ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ስሙ የመጣው ከቀለም ነው። እንግሊዛዊው ሐምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1810 ጋዙን «ክሎሮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሰየመው፤ ትርጉሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊልም ስሙን ከዚያው አገኘ። በዮሐንስ ራእይ ሞት የተቀመጠበት ሐመር ፈረስም በግሪኩ «ክሎሮስ» ነው። የልምላሜና የሞት ቀለም በአንድ ቃል መጠራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ክሎሪን ካለባቸው ፀረ ተባዮች አንዱ የሆነው የዲዲቲ ሦስት ፊደላት ሲፈቱ ዲክሎሮ ዲፌኒል ትሪክሎሮ ኤቴን ይሆናሉ። «ዲ» ሁለት፣ «ትሪ» ሦስት ነው፤ ስሙ ራሱ አምስት የክሎሪን አተሞች እንዳሉበት ይቆጥራል። ጠንቁም ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ክሎሪን ከካርቦን ጋር አጥብቆ ስለሚተሳሰር ውህዱ በቀላሉ አይፈርስም። በውኃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል፤ ስለዚህ ከአፈር ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ አሞራ ሲያልፍ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከዲዲቲ የሚወጣው ዲዲኢ የአሞራዎችን የእንቁላል ቅርፊት ስለሚያሳሳው ታቅፈው ሳይፈለፍሉት ይሰበራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ዲዲቲን ለሰው ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም ከሚላቸው ተርታ መድቦታል።

የሌሎቹ ፀረ ተባዮች ስሞች ደግሞ የክብር ስሞች ናቸው። አልድሪን ከኩርት አልደር፣ ዲልድሪን ከኦቶ ዲልስ ተወሰዱ፤ ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1950 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙ ናቸው። ሊንዴን የሆላንዳዊው ቫን ደር ሊንደን ስም ነው። የሚያስጠነቅቅ አንድም ስም የለም።

ዲዲቲ ነፍስ አላዳነም አልልም። ለወባ ሲባል በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተረጭቶ ብዙ ሰው አትርፏል፤ እ.ኤ.አ. የ2001 የስቶክሆልም ስምምነትም በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመቆጣጠር ብቻ ፈቅዶለታል። ነገር ግን በግድግዳው ላይ አልቀረም። ጫት ላይ ተገኝቷል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የእናቶች የጡት ወተት ሲመረመርም ተገኝቶበታል፤ በስብ የሚሟሟ ነገር ሌላ የት ይሄዳል?

መድኃኒት የተባለን ነገር ማን ይፈራል? ባዶ ጀሪካኑ ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይቀመጥበታል። የግብርና ልማት ሠራተኛው ማሳ ዳር ቆሞ ሲያስረዳ፣ ባለሱቁም ሲሸጥ፣ «መርዝ» ብለው ቢጠሩት እወዳለሁ። ቃሉ አለን፤ ገበሬውም ያውቀዋል።